የሁሪያ ሰርግ ርችት

ዙልፋን ፎቶ አንሺ ያደረጋት ጦርነቱ ነው። የመርሳ ከተማው ፎቶ ቤት ተዘርፎ ረዳቶቹ ሲበተኑ፣ ወንድሙ የሚባለው ባለቤቱ በተረፈችው አንዲት ካሜራ ጎረቤቱን ዙልፋን ማስተማር ጀመረ። ገና እጇ ሳይፈታ የታናሽ እህቷ የሁሪያ ሰርግ ደረሰ። ሙሽራው ዓሪፍ ደግሞ "ያለ ርችትማ አላገባም!" ብሎ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ወራት ሙሉ መድፍ ሲሰማ ለከረመ አገር ርችት! ወጣትነት የማያሳይህ የለም።

"ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሚው፤ ቁልፉን ተጫኚና እጅሽን አንሺ" አላት ወንድሙ። "ዓይኑን ገልጦ ይቆያል። የተንቀሳቀሰ ሰው ጭስ ይሆናል፤ ያልተንቀሳቀሰው ጥርት ብሎ ይወጣል።"

የዙልፋ ልብ ግን ርችቱ ላይ አልነበረም። የዓሪፍ እናት እማማ መሪማ ለልጃቸው የተመኙት አንዲት የግራና ከተማ ልጅ ነበር። ሁሪያ ግቢያቸው ስትገባም ፊታቸው አልተፈታም። እህቴን የት ጥያት ልሄድ ነው? እያለች ዙልፋ ዓይኗን ከአማቲቱ ላይ አልነቀለችም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሼህ አብዱሰመድ ተነሡ። "አብሽሩ፣ ጀመዓ! አሁን የሚጮኸው የደስታ ነው። ማንም እንዳይደነግጥ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዙልፋ ቁልፉን ተጫነች።

ዷ!

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ያ ሲስቅ የነበረ ሰው እየተጋፋ መሬት ለመሬት ተነጠፈ። ሼህ አብዱሰመድ ራሳቸው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ዙልፋም አፈር ላይ ተደፍታ፣ የመጨረሻዋ መስሏት ሸሃዳ አለች። ርችቱን ከካሜራው በቀር ያየው አልነበረም።

ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ ግቢውን አዳረሰው። እንባውን እየጠረገ የሚስቅም ነበር።

ዙልፋ እያፈረች ተነሥታ ፎቶውን አየችው። ከላይ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን፣ ከታች ጭስ የሆነ ሰው። መካከል ላይ ግን ሁለት ሰዎች ጥርት ብለው ወጥተዋል፦ ሰሌኑ ላይ የተደፋችው ሁሪያ፣ ከላይዋም በደረታቸው የሸፈኗት እማማ መሪማ። ዓሪፍ በሌላ ጎናቸው ብቻውን ተጋድሞ ብዥ ብሏል።

ካሜራውን ይዛ ሄደች። "እማማ፣ ልጅዎ እኮ አጠገብዎ ነበር።"

አሮጊቷ ፎቶውን አይተው ሻሻቸውን አስተካከሉ። "እሱማ መደበቂያውን ያውቀዋል። እሷ ለቤቱ አዲስ ናት፤ የት ትገባለች? ነገ ለመድፉ ብለን ከጓሮ የቆፈርነውን መደበቂያ ጉድጓድ አሳያታለሁ፤ ወላሂ፣ ከኔ ጎን ቦታ አላት።"