በፍልውሃ የሞቱ ዓሦች

የይመር ዓሦች ለሦስተኛ ጊዜ አለቁ። አሥራ ሁለቱም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ይመር ጥፋተኛውን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ የሠራተኛዋ የሙሉነሽ ዓይን በላቸው አለና ከቤቱ እንድትወጣ አዘዘ።

ይመር መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ አቡጀዲ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት በመስታወት ሣጥን የሚዋኙ ዓሦች ካየ ወዲህ፣ የሱም ሳሎን ያለ ዓሣ ሳሎን አልመስለው አለ። የፒያሳው ባለሱቅ ዓሦቹ ሙቅ ውሃ እንደሚወዱ ሲነግረው ቀሪውን ለመስማት አልቆመም። ሙቅ ውሃ ከተባለ ፍልውሃ መች ጠፋ? የጉልበቱን ቁርጥማት ያሻለው ውሃ ለዓሣ ሊያንስ ነው? በታኒካ እያስቀዳ በጋሪ አስመጣና ሣጥኑን ሞላው።

ልጁ ሠርኬ በዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ጧት ስትመጣ ሙሉነሽ ልብሷን ቋጥራ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ስመግባቸው እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው፤ ቡዳ ከተባልኩ መርካቶ ውስጥ ማን ይቀጥረኛል?" አለቻት።

ሠርኬ ማጽናናት አታውቅበትም። ገባችና አሲድን ከሶዳ የሚለየውን ቀይ የሊትመስ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሣጥኑ ውስጥ ነከረች፤ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ውሃው ሶዳ ነበር። ከዚያ ከዓሦቹ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበበች። አባቷ ማንም ሳያነበው በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

"አባባ፣ ይኼ ምን እንደሚል ያውቃሉ?"

"የዓሦቹ ምስክር ወረቀት ነዋ።"

"የደን ወንዝ ዓሦች ናቸው፤ ውሃቸው ለስላሳና ትንሽ ወደ አሲድ የሚያደላ ይሁን ይላል። እርስዎ ሶዳ ውስጥ ነው የነከሯቸው።"

"ፍልውሃ ስንቱን ሰው አድኗል።"

"ሰው ታጥቦ ይወጣል እንጂ እዚያው አያድርም።"

እነዚህኑ ዓሦች ከፈለገ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሌሊቱን በባልዲ ያደረ የቧንቧ ውሃ እንዲጠቀም፣ ፍልውሃው አልለቀው ካለ ደግሞ ቆሮሶ የሚባለውን የላንጋኖ ሐይቅ የወጥ ዓሣ እንዲያስመጣ ነገረችው፤ የላንጋኖ ውሃ ራሱ ሶዳ ስለሆነ ቆሮሶው ለምዶታል።

"ቆሮሶ? እንግዳ ጠርቼ የሁዳዴ ወጥ ላሳየው ነው?"

ይመር ግን ሞኝ አልነበረም። ሰማያዊውን ወረቀት ጥቂት ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሺ፣ የሚቀጥሉትን በቧንቧ ውሃ እንደሚያኖር ተናገረ። ሙሉነሽ ግን ትሂድ።

"ገዳዩ ውሃው መሆኑን አሁን አምነዋል።"

"አምኛለሁ። ለሰፈሩ ግን ዓይን በላቸው ብያለሁ። ይመር የገዛ ዓሣውን ገደለ ሊባል ነው? ሠራተኛ ትተካለች፣ ስም አይተካም።"

"የሷስ ስም?"

"የሷ?" አለ ይመር፣ ከልቡ ተገርሞ። "እሷ ምን ስም አላት?"

ሠርኬ ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

"ወዴት ነው?"

"እትዬ የሻሽወርቅ ቤት። ሙሉነሽን ይዤ እሄድና ዓሦቹን ማን እንደገደላቸው አስረዳቸዋለሁ።"

እትዬ የሻሽወርቅ የሰሙትን ለሰባተኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ሳያደርሱ ምሳ የማይቀምሱ ጎረቤት ናቸው። ይመር ከወንበሩ ተነሣ።

"አባትሽን ልታዋርጂ?"

"እኔ የውሃውን ብቻ ነው የምናገረው፤ ሌላውን እሳቸው ይጨምሩበታል።"

ወጣችና በሩን ዘጋችው።