ሥራ ያጡ ፈራጆች

ድሃ ለድሃ ያዝናል ያለህ ማነው? እስቲ ሰውየውን አምጣልኝና እኛ ከሕዝብ ለፍርድ የተመረጥን ስምንት የጁሪ አባላት ከተዘጋብን ክፍል ላስገባው።

የዋንዳ ፔትራስን ቀኝ እጅ የብረት መጭመቂያ ማሽን ቆርጦታል። ሥራው እንዲፈጥን ብሎ የማሽኑን መከላከያ ያስነሳው ፋብሪካው ነው፤ ካሳ ጠይቃ ስትከሰው የራሱ መሐንዲስ መስክሮበታል። ጠበቃዋ ሄስ ግን ገና ጁሪ ሲመረጥ ተሳስቶ ነበር። «ከመካከላችሁ ሥራ ያጣ አለ?» ብሎ ጠየቀ። በእኛ የኦሃዮ ከተማ በዚያ ዓመት ሥራ ያላጣ ማን ነበር? እጆች ሲወጡ ፊቱ በራ። ችግር ያየ የችግረኛ ወገን ነው ብሎ ሁላችንንም በጁሪው ውስጥ አስቀረን። የፋብሪካው ጠበቃም አልተቃወመም። ለካ እሱ ያውቀናል።

በሩ እንደተዘጋ ሰብሳቢያችን ቨርጂል ስታውት ጀመረ። ዕድሜውን በብረት ማቅለጫ የጨረሰ ሽማግሌ ነው።

«የእኔ ትከሻ ሲሰበር ማን ካሰኝ? በረዶ ይዤበት በማግስቱ ሥራ ገባሁ።»

«ደግሞ ብናስከፍላቸው የቀረችውንም ፋብሪካ ዘግተው ይሄዳሉ» አለች ሳሎኗ የተዘጋባት ፀጉር ሠሪ ሎሬታ። «ያኔ የማንን ፀጉር ልሠራ ነው? የአንተን መላጣ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እኔም ከትምህርት ቤት የተቀነስሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የችግሬን ቂም ግን እጇ በተቆረጠባት ሴት ላይ አልተወጣሁም።

«ቨርጂል፣ የበደለህ ማነው?»

«የሠራሁበት ፋብሪካ ነዋ!»

«ታዲያ ዋንዳን የምትቀጣት ምን አድርጋህ ነው?»

«አስተማሪዋ፣ እዚህ ተማሪ የለሽም።»

«አለኝ እንጂ። ያውም ክፍል የደገመ።»

ጠረጴዛውን ደበደበውና ድምፅ አስሰጠ። ስድስታችን ለፋብሪካው፣ ሁለታችን ለዋንዳ። ለእንዲህ ዓይነቱ የካሳ ክስ ከስምንቱ የስድስት ሰው ድምፅ ይበቃል፤ አንድ ከጎደለ ግን ፍርድ የለም።

ችሎት ገብተን ውሳኔው ሲነበብ ዋንዳ በግራ እጇ ባዶውን የእጅጌዋን ጫፍ ጨበጠች። ሄስ ተነሥቶ እያንዳንዳችን በየተራ በአደባባይ እንድንጠየቅ አመለከተ፤ መብቱ ነው። ዳኛዋ ከሰብሳቢው ጀመሩ።

«ሚስተር ስታውት፣ ይህ የእርስዎ ውሳኔ ነው?»

የቨርጂል ዓይን ከዋንዳ እጅጌ አልነሣ አለ፤ መዳፉ የገዛ ትከሻውን ይዟል።

«አልሰሙኝም?»

«ሰምቷል!» ብዬ ብድግ አልሁ። ዳኛዋ መዶሻቸውን ቢመቱም አልተቀመጥሁም። «ቨርጂል፣ ወደ ዋንዳ ዙር! ከተማው ሁሉ እየሰማህ፣ ጮክ ብለህ መልስ፤ ይህ ያንተ ፍርድ ነው?»