የዶሮ ቤቱ አሸዋ

በ1969 ክረምት አባይነሽ ካሏት የፈረንጅ ዶሮዎች ግማሾቹ አለቁባት። ወለሉ ላይ የምትነሰንሰው የስንዴ ገለባ በአሰላ ዝናብ ከሥሩ እየረጠበ ይሻግታል። ዶሮዎቹ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዛቸውና ክንፋቸውን እንደጣሉ ይሞታሉ። ከበሽታው የተረፉት በአጥሩ ሾልከው ጎረቤት የተከመረ የግንባታ አሸዋ ላይ ሲንከባለሉ የሚውሉት መሆናቸውን ልብ ብላ አየች። ክረምቱ እንደወጣ ለጋሪ ነጂው ለከሊፋ ነገረችውና ከወንዝ አሸዋ አመጣላት። የዶሮ ቤቱንም፣ በሽቦ የታጠረውን መዋያቸውንም ጭቃውን ገፍፋ አሸዋ ሞላችው።

ከሊፋ የመጨረሻውን ጋሪ ሲያራግፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አዴ አባይነሽ፣ ሰው እየጠየቀኝ ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ግንብ የማትሠራ ሴት ይኼን ሁሉ አሸዋ ምን ልትቀብርበት ነው ይላሉ። ለዶሮ ነው አልኩ። ሳቁብኝ።»

ያኔ እንዲህ ያለ ሳቅ የሚያስቅ አልነበረም። ቀበሌው ሰው የሚወስደው በጥርጣሬ ነው፤ ከተወሰደውም የማይመለስ አለ። ባሏ ሣህሌ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ወሬውን ሲሰማ አሸዋውን አውጥታ እንድትደፋው ለመናት። እሷ ግን ዶሮዎቹ ሲያገግሙ እያየች እንዴት ትድፋው? ሽታው ጠፍቷል፣ እንቁላሉ ንጹሕ ሆኗል። በየጠዋቱ ኩሱን በወንፊት እየለየች በባልዲ ታወጣና ከቀበሌው ኬላ ማዶ ካለው ገደል ትደፋዋለች፤ ከዚያ አሸዋውን ታስተካክለዋለች። ሥራው ይኼው ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ሣህሌ ቢሮ ከሄደ በኋላ፣ ወንፊቷን ይዛ ስትገባ አንዲት ቀይ ዶሮ ጥግ ላይ ጉድጓድ ምሳ አሸዋ ትታጠባለች። ዶሮዋን ገፋ አድርጋ ልታስተካክል ስትል ላስቲክ አየች። ሳበችው። ከበዳት። ፈታ ብታየው ሽጉጥ ነው።

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያሰበችው ባሏን ነው፤ ግን ሣህሌ በግ ሲታረድ እንኳ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ቀጥላ የጓሮውን ክፍል የተከራየውን መምህር መርሻን አሰበች። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ግን ሦስተኛው ነው። ምናልባት ያኖሩት የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ወስዳ ብታስረክብ «ከማን አገኘሽው?» ይሏታል። ዝም ብትል ነገ መጥተው ያወጡታል። ሽንት ቤት እንዳትጨምረው፣ በፍተሻ ጊዜ መጀመሪያ በረጅም እንጨት የሚያማስሉት እሱን ነው።

ላስቲኩን መልሳ ጠቀለለችው፣ ባልዲው ውስጥ አስተኛችው፣ ኩስና እርጥብ አሸዋ ሞላችበትና ወጣች። በየቀኑ የምትሄድበት መንገድ ነው። የዛን ቀን ግን ሰው ሁሉ ባልዲዋን የሚያይ መሰላት። በእጇ መክበዱ እንዳይታወቅ ትከሻዋን ልታቃና ስትሞክር ይብስ ዘመመች።

ኬላው ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ አሰግድ ነው። እናቱን ወይዘሮ ማሚቱን ታውቃቸዋለች፤ እሱም በልጅነቱ እንቁላል ሊገዛ ይላክ ነበር። አሁን ጠመንጃ ይዟል፤ ካያት ሰላም የሚላት አንዳንዴ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ምንድነው የያዙት?»

«ኩስ ነው። ሌላ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«ዛሬ ሁሉም ይፈተሽ ተብሏል። ያስቀምጡት።»

አስቀመጠች። አሰግድ አፍንጫውን ይዞ የጠመንጃውን አፈሙዝ ባልዲው ውስጥ ሰደደና አማሰለ። በላስቲኩ ላይ ብረት ብረትን ነካ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ለአባይነሽ ግን እስከ ገበያው የተሰማ መሰላት። አሰግድ እጁን አቆመ። ቀና ብሎ አያት።

«ድንጋይ ነው» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም። «የወንዝ አሸዋ ድንጋይ አያጣም።»

ኬላው በር ላይ ጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶ ከአንድ ነጋዴ ጋር ይጨቃጨቃል። አሰግድ ወደሱ አየ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው፣ ከዚያ አፈሙዙን ሣር ላይ ጠረገ።

«ይሂዱ» አላት።

ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሳ ስትደፋው ባልዲውም አብሮ ሊያመልጣት ነበር። ላስቲኩ ቁጥቋጦ ሲመታ ሰማች፣ ቀጥሎ ከታች ውሃው ውስጥ ገባ። ተመልሳ በኬላው ስታልፍ አሰግድ ፊቱን አዞረ።

በምሳ ሰዓት መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ገብረሥላሴ ከፊት ነው፤ አሰግድም ከታጣቂዎቹ መካከል አለ። ሣህሌ ከቢሮ ገና መምጣቱ ነበር፤ ግድግዳው ሥር አቁመው እጁን አስነሡት። መምህር መርሻን ከክፍሉ አወጡት። ቤቱን ግን አልፈተሹም። ገብረሥላሴ ፌሮ ይዞ በቀጥታ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደ፤ ከገባም በኋላ በቀጥታ ወደዚያው ጥግ። አባይነሽ ያን ልብ አለች። ሽጉጡ ሲቀበር አንድ ሰው አይቷል ማለት ነው።

ፌሮውን ደጋግሞ ተከለ። ከዚያ አሸዋውን በአካፋ አስገለበጠው። ዶሮዎቹ እየጮሁ ቆጥ ላይ ወጡ። መርሻ ከንፈሩ አመድ መስሎ ቆሟል። ምንም አልተገኘም።

ገብረሥላሴ እየላበው ወጣ። «ዛሬ ከዚህ ግቢ ምን ወጥቷል?» አላት።

«ኩስ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

ወደ አሰግድ ዞረ። «ጠዋት ኬላው ላይ አንተ ነበርክ።»

«ነበርኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እስከ ታች አማስዬ ፈትሼዋለሁ። ኩስ ነው።»

ገብረሥላሴ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። አባይነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። በመጨረሻ ፌሮውን ወርውሮ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሣህሌ ግድግዳው ሥር እንደቆመ አለቀሰ። መርሻ ወደ እሷ መጣ።

«እትዬ፣ የኔ አይደለም። የጓደኛዬ ነው። እሱ ሲያዝ ክፍሌ ውስጥ ቀረ። የምጥልበት አጣሁ።»

«ከዶሮዎቼ ሥር?»

«ሌላው ቦታ ከተቆፈረ ያስታውቃል። አሸዋው ብቻ ነው የማያስታውቀው።»

ልትጮህበት አስባ ነበር፤ ዕድሜውን ስታይ አልቻለችም። «ነገ ግቢዬን ልቀቅልኝ» አለችው። በማግሥቱ በማለዳ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ጢቾ ዘመድ እንዳለው ተናግሮ ነበር።

በዚያው ሳምንት አሰግድ እንቁላል ሊገዛ መጣ። ሂሳቡን ከፍሎ መሄድ አቅቶት ቆመ።

«እትዬ፣ ድንጋይ ነበር አይደል?»

«ድንጋይ ነበር።»

«ቢታወቅ እኔም አልተርፍም» አለ። አሁን የጠመንጃ ሰው አይመስልም፤ ያ እንቁላል የሚላከው ልጅ ነው የሚመስለው። «እናቴ ሌላ የላትም።»

«ድንጋይ ነበር፣ አሰግድ። ሂድ።»

ከጥምቀት በኋላ መርሻ ጢቾ ተይዞ ወደ አሰላ መምጣቱን ሰሙ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። የታሰረ ሰው እየተገረፈ የማያውቀውን ስም እንኳ ይናገራል ይባላል፤ መርሻ ደግሞ የሚያውቀው ስም አለው። መኪና በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ሣህሌ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አሰግድ ኬላው ላይ ሲያያት ዓይኑ «አዲስ ነገር ሰሙ ወይ?» ይላታል፤ እሷም የለም ለማለት ራሷን ትነቀንቃለች። ሌላ የሚነጋገሩት አልነበራቸውም።

መርሻ መገደሉ የተሰማው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ማንም ወደ አባይነሽ ቤት አልመጣም። ቀናት አለፉ፣ ሳምንት አለፈ፤ ያኔ የእሷንም ሆነ የአሰግድን ስም እንዳላነሣ ገባት። ለቅሶ መቀመጥ አይፈቀድም ነበር። ወንፊቷን ይዛ ዶሮ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ዘግታ፣ ከዶሮዎቹ በቀር የሚሰማት በሌለበት፣ ስሙን እየጠራች አለቀሰችለት።