ያልተሸፈነው ዓምድ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዮሃና የሠራቻቸውን ሲስተሞች ለሰው በምታሳይበት ድረ ገጽ፣ በፖርትፎሊዮዋ፣ ውስጥ ስድስት ሥራዎች ነበሩ። አራተኛው፣ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሆኖ ዕቃ በአውቶቡስ ለሚልከው ለሙኽታር የሠራችው የመመዝገቢያ ሲስተም ነው። ምስሉ አሥራ አንድ መላኪያዎችን ያሳያል። የተቀባዮቹን ስምና ስልክ በጥቁር ሸፍናለች። ሙኽታርም «አሳዪው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ፈቅዶላት ነበር፤ በቃል።

ቦሌ መድኃኔዓለም ቢሮ ያለው መርሃዊ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ስለ እሷ ሊጠይቅ ለሙኽታር ይደውላል። መልሱ ካማረ ከእሱ የአንድ ዓመት የሥራ ውል ታገኛለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሙኽታር ራሱ ደወለላት።

«ደንበኞቼን ለማን ነው የሰጠሽው?»

«የምን ደንበኛ፣ ጋሽ ሙኽታር?»

«አሁኑኑ ነይ።»

ከጎሮ ተነስታ ላምበረት እስክትደርስ የምታስበው ስለ ሙኽታር መዝጋቢ ስለ ሸይማ ነበር። ሸይማ ደንበኞቹን ሁሉ ታውቃለች። ባለፈው ጊዜ ደግሞ ዮሃና ስትገባ ስልኳን ገልብጣ ነበር ያስቀመጠችው።

ሙኽታር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ተቀመጪ አላላትም።

«እንደ እኔው ዕቃ የሚልከው ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ባሉ ደንበኞቼ ላይ ሱቅ ለሱቅ ሰው እያዞረ ነው። በቅናሽ እናመጣላችኋለን ይላል። ስማቸውን አያውቅም፣ ስልካቸውን አያውቅም፣ ሱቃቸውን ግን ያውቃል። ወላሂ፣ ይሄ ከቤት የወጣ ነው።»

«ከቤት ከሆነማ…» አለችና ዮሃና ሸይማን አየቻት።

«እኔን ነው የምታዪው?» ሸይማ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «የጋሼን ሥራ ለሀገር የለጠፍኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

«ስምና ስልክ ሸፍኛለሁ።»

«እሰይ፣ ጎበዝ!»

ዮሃና ላፕቶፗን ከፍታ ሰው የሄደባቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ አስቆጠረችው። ዘጠኝ ናቸው። ካልተሸፈነው የምስሉ ቅጂ ጋር አመሳከረቻቸው፤ ዘጠኙም እዚያ አሉ። ሙኽታር ሰባ ቋሚ ደንበኛ አለው፤ ከምስሉ ውጭ ግን አንድም አልተነካም። ሸይማ ብትሆን በዘጠኝ አታቆምም ነበር።

ከአሥራ አንዱ የቀሩት ሁለቱስ? ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አስኬደች። የመጨረሻው ዓምድ «ማሳሰቢያ» ይላል። የቤት ቁጥር የሚጠቀም ስለሌለ ሸይማ አድራሻውን የምትጽፈው እዚያ ነው፦ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ባለ አረንጓዴ በር ፍራሽ ቤት።» የሁለቱ ማሳሰቢያ ባዶ ነው።

«እነሱ ራሳቸው መናኸሪያ መጥተው ነው የሚወስዱት» አለች ሸይማ።

ያን ጊዜ ዮሃና አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ወር ያ ጎረቤት «ለእኔም ሥሪልኝ፣ እስቲ ሥራሽን ልየው» ብሎ የፖርትፎሊዮዋን ሊንክ አስልኳት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

«እና?» አለ ሙኽታር። ዓይኑ አሁንም ሸይማ ላይ ነው። ለስድስት ሰዓት አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

«ሸይማ አይደለችም» አለች ዮሃና። «እኔ ነኝ። ይሄንን ዓምድ ሳልሸፍን ነው ያወጣሁት። ሊንኩንም ለሰውየው በእጄ ልኬለታለሁ።»

ሙኽታር ዓይኑን ከሸይማ ላይ አነሳ። ሸይማ እስክሪብቶዋን አነሳች። የሙኽታር ስልክ ጠራ፤ መርሃዊ ነው።

«አዎ፣ ሙኽታር ነኝ… ሥራዋ ጥሩ ነው፣ እስካሁን አንድ ቀን ቆሞብኝ አያውቅም።» ዮሃናን ቀና ብሎ አያት። «የእርስዎን ነገር ለሰው ከማሳየቷ በፊት ግን መጀመሪያ እርስዎ ይዩት።»

ንግግሩ አርባ ሁለት ሰከንድ ፈጀ። መርሃዊ ማምሻውን የላከላት ውል የሦስት ወር ነው።