የካዛንቺሷ እድርተኛ

ባሌ አቶ ደሞዝ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ዓባይ ማዶ ስንገባ የዛሬዎቹ ሙሽሮች ገና አልተወለዱም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን እንግዳ ነኝ እንዳልኩ ኖርኩ። ጣና ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ካዛንቺስን ማን ይተካዋል? የአጥር ጎረቤቴ ውዴ፣ «እትየ የሺአረግ፣ እድራችን ይግቡ ብየ ስንቴ ለመንሁዎት?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ! እኔን የካዛንቺስ ሰው ይቀብረኛል» እላታለሁ። የዚያን እድር መዋጮ አንድ ወር አላጓደልኩም። ደሞዝ ሲሞት እንኳ ሬሳውን ጭኜ ወደዚያው ነው የሄድኩት፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ቀበረልኝ። ውዴና የዓባይ ማዶ ሰው እስከ መኪናው ሸኝተውን ቀሩ።

አምና የካዛንቺሱ እድር ዳኛ አቶ አንዳርጋቸው ደወሉልኝ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ እድሩም ፈርሷል አሉኝ።

እኔ መች አምኜ! አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ባለታክሲው፣ «ማዘር፣ ካዛንቺስ ይኸው» ብሎ ሰፊ አስፋልት ላይ አወረደኝ። አበባው፣ መብራቱ፣ የብስክሌት መንገዱ፣ እውነት ለመናገር አምሯል። ተወልጄ ያደግኩበት ግቢ የቱ ጋ እንደነበር ግን መለየት አቃተኝ። ሲመሽ አንድ ሰው እንኳ «የሺ» ብሎ ሳይጠራኝ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ብቸኝነት አውቃለሁ እል ነበር፤ ለካ አላውቀውም።

እንግዲህ ሞት አይቀር፣ ቀባሪ ያስፈልጋል። እሑድ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የዓባይ ማዶ እድርተኞች ወደሚሰበሰቡበት የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሄድኩ። ውዴ ለንግሥ ዘጌ ተሻግራ ስለነበር ብቻዬን ነኝ። ጸሐፊው መልካሙ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝና ስሜን ጻፈ።

«ቢታመሙ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ፣ ለእድሩ የሚነግርልዎ ማን ነው? እዚሁ ሰፈር ያለ ሰው» አለኝ።

ልጅ አልወለድኩም። ዘመድ እዚህ የለኝም።

«ውዴን ጻፍልኝ» አልኩት።

«ሦስት ውዴ አለችን፣ እማማ። የአባቷን ስም ማን ልበል?»

ስታገባ ድግሷ ላይ በልቻለሁ። ልጆቿ ሲወለዱ ገንፎ ልካልኛለች። እኔ ስታመም አጥር ዘላ ገብታ አስታማኛለች። መልካሙ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። የአባቷን ስም አላውቀውም።