ቡሬዎች የመጡ ዕለት

ወንዳወቅ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። በሞተር ሳይክል ጥገና ቤቱ አንዱን ቡሎን ሳያጠብቅ ሌላውን ይፈታል፤ ደንበኞቹ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ይተርቡታል። የፍኖተ ሰላም ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ያደረገውም ይኸው ችኮላው ነው። ቡድኑ ረጅም ሰው የለውማ። ረጅም ከሌለ መሮጥ ነው፤ ኳሷን ነጥቆ፣ ተጋጣሚ ዞር ሳይል ማዶ ቅርጫት ሥር መድረስ።

ይህን ሩጫ ከሱ እኩል የሚሮጥ የጨርቅ ነጋዴው የኢሳ ልጅ ሙንዲር ብቻ ነው። ከልጅነታቸው አብረው ስለተጫወቱ፣ አንዱ ሳያይ ወደ ግራ ቢወረውር ሌላው እዚያ ይገኛል።

ቡሬዎች ለግጥሚያ የመጡት ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ሰሞን ነው። ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ ይጫወታል። ወንዳወቅ በዚህ ምኞት እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ እጅጉ፣ «ሙንዲር ውኃ ሳይቀምስ እንዴት ይሮጣል? ይረፍ እንጂ» ቢል ወንዳወቅ ተቆጣ፤ ያለ ሙንዲር አልገባም አለ።

ሙንዲር ሳቀ። «እኔ ለምጀዋለሁ። እናንተ ብቻ አትዘግዩብኝ።»

ጨዋታው የተጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ክርስቲያኖቹ ልጆች ቅዳሴ ሲወጣ ሽሯቸውን ጎራርሰው እየተንደረደሩ መጡ። የሲሚንቶው ሜዳ በፀሐይ ግሏል። ቢሆንም እስከ እረፍት ድረስ ቡሬዎችን መላወሻ አሳጧቸው።

በእረፍት አሠልጣኟ ህይወት በጀሪካን ውኃ ይዛ መጣች። እጅጉ ኩባያ ሲዘረጋ ወንዳወቅ ሙንዲርን አየው፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ማንም እንዳይጠጣ» አለ። «ወንድማችን እየጾመ ፊቱ ላይ ውኃ አንጠጣም። ነውር ነው።»

ይሉኝታ አይጣል ነው። ጠማኝ ለማለት የደፈረ ጠፋ። እጅጉ ኩባያውን መለሰ። ሙንዲር «ኧረ ጠጡ፤ ምን ሁናችኋል?» ቢል ጨዋነት መሰላቸው። ህይወት እንኳ፣ የስፖርት አስተማሪ ሆና ሳለ፣ ጀሪካኑን ከወንበር ሥር ከተተችው። ማዶ ያሉት ቡሬዎች ጠጥተው፣ አናታቸውን አርሰው ወደ ሜዳ ተመለሱ።

መጀመሪያ እጅጉ ባቱን ይዞ ተቀመጠ። ሌሎቹም ሩጫውን ትተው ይራመዱ ጀመር። የወንዳወቅ ምላስ ከላንቃው ተጣበቀ፤ ልቡ ይሮጣል፣ እግሩ ይቀራል። ሙንዲር ብቻ እንደ ጅምሩ ነው፤ ከንጋት በፊት የሚበላውን ሱሁሩን አስቦበት በልቷል፣ አካሉም ጾሙን ለምዶታል። ኳስ ነጥቆ ይፈተለካል፤ ቀና ሲል ከጎኑ ሰው የለም። ሊያልቅ ሲል ቡሬዎች በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ሙንዲር ሁለት ሰው ወደ ራሱ ስቦ፣ ሳያይ ወደ ግራ ወረወረ። ወንዳወቅ ሁልጊዜ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ዛሬ ግን ሳይደርስ ወደቀ፤ ኳሷ ነጥራ ከሜዳ ወጣች፤ ፊሽካው ተነፋ።

ወንዳወቅ ከወደቀበት ሳይነሣ ሙንዲር አጠገቡ ቆመ።

«ላንተ ብለን እኮ ነው» አለው ወንዳወቅ።

«ማን ጹሙልኝ አለህ? ጾሙ የኔና የፈጣሪዬ ነው። ከናንተ ጋር ያለኝ ጨዋታው ነበር። ስንት ዘመን አብረን አድገን፣ ዛሬ እንግዳ አደረግኸኝ። ነገ ገበያው ምን እንደሚል ታውቃለህ? በሙንዲር ጾም ተሸነፉ ነው የሚለው።»

ወንዳወቅ ቡሬን አስቦ ነበር፣ ባሕር ዳርን አስቦ ነበር፣ የራሱን ደግነት ደግሞ ከሁሉም አብልጦ አስቦ ነበር። ይኸን ግን አላሰበም። አፈረ።

ሙንዲር ፊቱን አዙሮ መንገዱን ጀመረ። ወንዳወቅ ሊከተለው ሲነሣ ባቱ ተኮማተረበትና መልሶ ወደቀ። ሙንዲር መውደቁን ሰምቶ ቆመ። ተመልሶ መጥቶ አነሣው፤ የወንዳወቅን ክንድ በትከሻው ላይ አሳልፎ እስከ ቤቱ ደገፈው። ደጃፉ ሲደርሱ ክንዱን ከትከሻው አውርዶ፣ ዞር ብሎ ሳያየው ሄደ።