ብረት የሌለው ቀበቶ

«አይቁረጡት! በአላህ ይሁንብዎ፣ አይቁረጡት!»

ሸምሱ ይህን የሚጮኸው መሪውን እንደጨበጠ በግራ ጎኑ ተጋድሞ ነው። ላንድሮቨሩ ከሰቆጣ በላይ ባለው ኩርባ ጠጠሩ ከድቶት ኋላው ተንሸራተተና ከተቆረጠው ተራራ ጋር ተደግፎ ቀረ። የግራ ጎማዎቹ ቦይ ውስጥ ገብተዋል፤ የቀኞቹ አየር ላይ ናቸው። ጣሪያው ሸራ ስለሆነ ከተራራው ወጣ ያለ ድንጋይ ሸራውን ቀዶ ገብቶ ከጆሮው ሥር ቆሟል። ሸምሱ አንገቱን ማዞር ይችላል፤ ትከሻውን ግን ንቅንቅ ማድረግ አልቻለም። ከሁለቱ ትከሻዎቹና ከወገቡ ግራና ቀኝ የመጡ አራት ሰፋፊ ቀበቶዎች ሆዱ ላይ በአንድ ዘለበት ተገናኝተው ከወንበሩ ጋር ጠፍረውታል።

ከላይ፣ በቀኙ በር በኩል፣ ቢላዋ ይዘው የሚንጠራሩት አያ ገብረ አማኑኤል ናቸው፤ በቅሎ ሲጭኑ ያረጁ የደሃና ሰው። ወንበራቸው የሸምሱን ዓይነት ቀበቶ ነበረው፤ እሳቸው ግን አልታሰሩም ነበር። በዚህ አገር መኪና የሚሳፈር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አንድ እግራቸውን በሩ አፍ ላይ አሳርፈው ነው የተጓዙት፤ መኪናው ገና ሲዘም እግሬ አውጪኝ ብለው ዘለሉ። ጉልበታቸው ተልጧል፤ ሌላ የሆኑት ነገር የለም።

«በቅሎ ስትንሸራተት ጠፍሩን መበጠስ ነው እንጂ ምን ይጠበቃል? ጭነቱ ይሂድ፣ ነፍስ ትትረፍ!» አሉ።

«እኔ ጭነት አይደለሁም! ዘለበቱን ላዙረው፣ ይተዉኝ!»

ዘለበቱን አዞረው። አራቱም ቀበቶዎች ባንድ ጊዜ ተፈቱና ሸምሱ እበሩ ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ እየዳኸ በቀኙ በር ወጣ።

ከማሳቸው እየሮጡ የመጡ ገበሬዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው መኪናውን ወደ መንገዱ መለሱት። ከእነሱ ጋር የመጣው የቀበሌ ሚሊሻ ወልደ ኢየሱስ ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ ውስጥ አጎንብሶ ቀበቶዎቹን አያቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሰሪያ ነው። ስነዳ የምታሰርበት።»

«ማን ነው የሚያስርህ?»

«ራሴ።»

ወልደ ኢየሱስ ግንባሩን ቋጠረ። በዚያ ዘመን ማሰር የመንግሥት ሥራ ነበር፤ በገዛ እጁ የሚታሰር ሰው አይቶ አያውቅም። ብዙ ካሰበ በኋላ «ለማንኛውም በሌላ ሰው ላይ እንዳታደርገው» ብሎ ሄደ።

ወደ ሰቆጣ ሲወርዱ ሸምሱ ዘለበቱን ከፍቶ፣ ጥቂት ነድቶ መልሶ ቆለፈው፤ ደግሞ ከፈተው። አያ ገብረ አማኑኤል በዓይናቸው ጭራ ያዩታል።

«አያ፣ ባልታሰር ኖሮ ምን እሆን ነበር?»

«እንደኔ ትዘል ነበራ!»

«በየት በኩል? የኔ በር በተራራው በኩል ነው።»

ሽማግሌው አሰቡበት። «እውነትክን ነው። በመኪናውና በዓለቱ መሐል ገብተህ ትጨፈለቅ ነበር። ቀበቶው አተረፈህ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ግን ድንጋዩ አንድ ስንዝር ጨምሮ ቢገባስ? ታስረህ ራስህን በምን ታሸሽ ነበር? ቀበቶው ይገድልህ ነበር» አሉ።

«ታዲያ የቱ ነው?»

«እኔ የማውቀው በቅሎ ነው፣ ልጄ።»

ሸምሱ ግራ ገባው። ለራሱ ብቻ ቢሆን ነገሩን ለአላህ ትቶ ይነዳ ነበር። ግን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በወታደር ታጅቦ ወደ ኮረም የሚነሳ ኮንቮይ አለ፤ በጎኑ ባለው ባለ ቀበቶ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ልጁ ሀሊማ ናት። ሀሊማ ከግንብ ላይ ወድቃ ቀኝ ክንዷን ከተሰበረች ሰንብታለች። ወጌሻው አሽቶ በሸምበቆ ቢያስረውም ክንዱ ጠምሞ ያብጥ ጀመር፤ ማታ ማታ እያቃሰተች ታድራለች። ኮረም ካለው ሐኪም ሌላ መላ የለም። ከጦርነቱ የተነሣ በዚያ መንገድ ያለ ኮንቮይ መንቀሳቀስ ተከልክሏል፤ ይኼኛው ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ወታደሮቹም አያውቁም። ሌላው ተሳፋሪ የመኪናውን እጀታ አጥብቆ ይዞ ገደሉን ያልፋል። ሀሊማ በምን እጇ ትይዛለች?

የቀበቶው ነገር የመጣው ከመኪናው ጋር ነው። ደሴ ላይ የሸጠለት ሰው በንጉሡ ጊዜ የመኪና እሽቅድድም ይወዳደርበት ነበር። ሸምሱ ቀበቶዎቹን ቆርጦ ለአህያ መጫኛ ሊያደርጋቸው ሲል ነው ሚስቱ ሰሊማ ያየችው። ወንድሟ ሰላሕ በኮረም መንገድ የጭነት መኪና ሲገለበጥ ከጋቢናው ተወርውሮ ነው የሞተው፤ መኪናው ጎማው እንኳ ሳይፈነዳ ተገኘ። «ታስሮ ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር» ትላለች ሁልጊዜ። ያን ዕለት ሸምሱን ቁርአን አስመትታ፣ ሳይታሰር ላይነዳ አስማለችው። ከዚያ ወዲህ የገበያው ሰው «ሸምሱን ሚስቱ አስራው ትሄዳለች» እያለ ይስቅበታል።

ሱቃቸው ደጃፍ ሲደርሱ ሰሊማ ከሸራው ጥላ ሥር ጨው ትሰፍራለች። የተቀደደውን ጣሪያ አይታ መስፈሪያው ከእጇ ወደቀ።

«ታስረህ ነበር?»

«ታስሬ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ! አላልኩህም? አላልኩህም፣ ሸምሱ?»

«ድንጋዩ እዚህ ነው የቆመው» አላት ጆሮውን እየነካ።

«ቆመ አይደል? በቃ። ነገ ሀሊማን አንተው ራስህ ጥብቅ አድርገህ ታስራታለህ።»

አያ ገብረ አማኑኤል ስልቻቸውን እያወረዱ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሰሊማን ፊት አይተው መልሰው ዘጉት።

ከቀትር በኋላ ሸምሱ ተስፋውን ፈልጎ አመጣው። ተስፋው አስመራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ አሁን በኮንቮዩ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ወንበሩን ነቀነቀ፤ ቀበቶዎቹን ጎተተ፤ የትከሻዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ በእጁ እየዳበሰ ተከተላቸው። ከወንበሩ ጀርባ ወርደው ወለሉ ላይ በብሎን ተይዘዋል።

«እዚህ ማነው ያሰራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ድሮ የት ነበሩ?»

«ከብረቱ ላይ ነበሩ። ከወንበሩ ኋላ ከወለል ተነስቶ ከራስ በላይ የሚዞር ወፍራም ብረት ነበረው። ለጆንያ ቦታ ሲነሳኝ ፈታሁት።»

ተስፋው ራሱን ያዘ። «አንተ ሰው! ቀበቶውና ብረቱ እኮ ባልና ሚስት ናቸው። ቀበቶው ቀጥ አድርጎ ያስቀምጥሃል፤ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያውን የሚሸከምልህ ብረቱ ነው። አሁን ብትገለበጥ ሸራው እላይህ ላይ ይተኛል፣ አንተ እንደ ችካል ቆመህ ትጠብቀዋለህ። ደግሞ ከወለሉ ስላሰርከው ሲጋጭ ትከሻህን ቁልቁል ነው የሚስበው፤ ወገብህን ይሰብረዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ አሉ!»

«እና ይቅር? ሳትታሰር ትሂድ?»

«እንደዛም አላልኩም። ልጅቷ በአንድ እጇ ምን ትይዛለች?»

«ታዲያ ምን እያልከኝ ነው?»

ተስፋው ቀበቶውን ለቀቀ። «እኔ ያየሁት እነዚያ የእሽቅድድም ሰዎች ሲወዳደሩ ነው። ራሳቸው ላይ ቆብ ያደርጋሉ፣ መንገዱም ከሰውና ከከብት ይጠራላቸዋል። አህያና ፍየል በሚሄድበት መንገድ፣ በአንዲት ልጅ ላይ እንዴት እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም። ብረቱ ካለ ግን ይሻላል። እሱን እምልልሃለሁ። የት አደረስከው?»

ሸምሱ ቀና አለ። ዓይኑ ቀስ ብሎ ሱቁ ደጃፍ ራቅ ብላ ከተቀመጠችው ከሰሊማ ራስ በላይ ወጣ። የሱቁ ጥላ፣ ከገበያው ሁሉ የሚያምረው፣ ሸራው እንደ ቅስት የተወጠረለት ጥላ፣ የቆመው በዚያ ብረት ነው። ብረቱን ስጠኝ ብላ የወሰደችውም ራሷ ሰሊማ ነበረች። ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ ሳይገዛ አይነሳም። ነገ ገበያ ነው፤ ከዝቋላና ከሰሃላ ሳይቀር ሰው ይመጣል።

ተስፋው ከሄደ በኋላ ሸምሱ የብሎን መፍቻውን ይዞ ሱቁ ፊት ቆመ። እንዴት እንደሚጀምር ጠፋበት። በቀበቶው እንዲታሰር ያስማለችው እሷ፣ ብረቱን የወሰደችውም እሷ፤ እንዲህ ብሎ ቢነግራት ሰላሕን ሁለተኛ የገደለባት መሰለው። ደግሞ የፈታው እኮ የሱ እጅ ነው።

«ጥላውን ላፈርሰው ነው» አለ በመጨረሻ።

«አበድክ? ለነገ ገበያ?»

«ብረቱ ለመኪናው ያስፈልጋል። ያለሱ ቀበቶው...» ቀሪውን በእጁ ሊያሳያት ሞከረ፤ ትከሻውን ወደ ታች ተጫነ፣ መዳፉን ራሱ ላይ አሳረፈ።

ሰሊማ ገባት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየና ባልተናገርኩ አለ በልቡ።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ?» አለች። «አስሬ ስሰድህ የነበረው...?»

«ዛሬ ጠዋት እኮ ቀበቶው አትርፎኛል። አያ ገብረ አማኑኤልም ብለዋል።»

«ሊገድልህ ነበርም ብለዋል፤ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰምቻለሁ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «ሰላሕ ታስሮ ቢሆን ኖሮስ?»

«አላውቅም።»

«ብረትም ቢኖረው?»

«አላውቅም፣ ሰሊማ። ወላሂ አላውቅም።»

ያቺ ለዓመታት የተጽናናችባት አንዲት ቃል ከእጇ ስትወጣ ታየው። ልቡ አዘነላት። ሰሊማ ግን ተነሳች፤ የጨውን ጆንያ ጫፍ ይዛ ከጥላው ሥር ወደ ሱቁ መጎተት ጀመረች።

«ምን ትገተራለህ? ሳይመሽ ፍታው እንጂ» አለች ሳትዞር።

ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ላምባ አጠጥቶ ፈታቸው። ብረቱን አያ ገብረ አማኑኤል በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ተሸክመው ወደ ቀድሞ ቦታው መለሱት። የሁለቱንም ወንበሮች የትከሻ ቀበቶዎች ከወለሉ አላቆ ብረቱ ላይ አሰራቸው። አሁን ቁልቁል አይጫኑም፤ በትከሻው ትክክል ወደ ኋላ ሄዱ። ሸራውንም ሰሊማ በጆንያ መስፊያ መርፌ ሰፋችው። የተሟላ መሰለ።

ጎሕ ሲቀድ ሀሊማን ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጣት ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ቀበቶው ለልጅ አልተሠራምና አንገቷ ላይ አረፈ። ሰሊማ ሮጣ ጆንያ አጣጥፋ ከሥሯ አደረገችላት፤ ከፍ ስትል ቀበቶው ወደ ትከሻዋ ወረደ። የታመመውን ክንዷን ከቀበቶው ውጭ በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉት።

«አጥብቀው» አለች ሰሊማ።

ሸምሱ አጠበቀው። ሀሊማ ቁልጭ ቁልጭ እያለች አየችው። የትናንቱ ድንጋይ ጆሮው ሥር እንዳለ ያህል ቀዘቀዘው።

«አያ፣ በቅሎ ገደል ላይ ስትጭኑ እንዴት ነበር የምታስሩት?» ብሎ ድንገት ጠየቀ።

አያ ገብረ አማኑኤል በር ላይ ቆመው ሊሸኙ ነው የመጡት። «አጥብቀን። ግን አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሁሉም እንዲፈታ አድርገን። የማይታሰር ጭነት ይወድቃል፤ የማይፈታው ደግሞ በቅሎዋን ይዞ ይሄዳል።»

ከታች ከሜዳው የኮንቮዩ ሞተሮች ተነሱ። ተስፋው ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ።

«በል እንጂ፣ ሊሄዱ ነው!» አለች ሰሊማ።

ሸምሱ መኪናውን አስነሳ፤ ግን ማርሽ አላስገባም። ወደ ልጁ ዞረ።

«ሀሊማ፣ ፍቺው።»

«እኔ?»

«አንቺ። በግራ እጅሽ። ዘለበቱን አዙሪው።»

ሀሊማ ሞከረች። ጣቶቿ ተንሸራተቱ። እናቷ እጇን ልትዘረጋ ስትል ሸምሱ «ተያት» አለ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ደግማ ጨበጠችው፤ ዘለበቱ አልንቀሳቀስ አለ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከታች የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አቧራ እያስነሱ መንቀሳቀስ ጀመሩ። በሦስተኛው ዘለበቱ ቀጭ አለና አራቱም ቀበቶዎች ከላይዋ ወደቁ።

«ከፈትኩት! አባ፣ ከፈትኩት!»

ሰሊማ እፎይ ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል ጥሩምባው እንደገና ተነፋ፤ የመጨረሻው ጭነት መኪና ወደ መውጫው እየዞረ ነበር። ሸምሱ አየው። ከዚያ እጁን ሰድዶ ሞተሩን አጠፋና ቀበቶውን በልጁ ላይ መልሶ ቆለፈው።

«አሁን ደግሞ» አላት፣ «አቧራው አያሳይሽ ይሆናል፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ።»